ጨው ያልጨመርኩበት ሾርባ

ለእናቴ እህት፣ ለእኔ ግን እናትም አባትም ለሆንሽኝ አክስቴ፤

ጉልበትሽ እንዴት ነው? የልጅሽ ቤት ደረጃ ለመደሽ ወይስ አሁንም በወጣሽ ቁጥር ትረግሚዋለሽ? እንቅልፍስ ይወስድሻል? እኔ ደህና ነኝ። ምላሴም በቦታው አለ፤ አንድ ቀን ይቆርጥልኛል ብለሽ የጠበቅሽው ሰው እስካሁን አልተገኘም። ጽሕፈቴ ከተንጋደደብሽ ከክፍል ያባረረኝን አስተማሪ ውቀሺ፣ እኔ ምን ላድርግ።

ከሄድሽ ወዲህ ካፍቴሪያው ሰፋብን። ግድግዳ አልፈረሰም፣ ዕቃም አልወጣም፤ የሚጮህብኝ ሰው ስለሌለ ነው መሰለኝ ሳወራ ድምፄ ተመልሶ ወደ እኔው ይመጣል። ሽርጥሽ ከበሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ነው። ዕቃ አጣቢያችን፣ ድስት ስታስቀምጥ ሕንጻው ስለሚናወጥ ነጎድጓድ ያልናት፣ አልፎ አልፎ አውርዳ ታጥበውና መልሳ ትሰቅለዋለች። ማንም ሳይለብሰው ምን አቆሸሸው ብላት፣ "አርፈህ ድስትህን አማስል" አለችኝ።

አዎ፣ ድስቱ የኔ ሆኖ ነበር። አንቺ "ደከመኝ" ብለሽ በሄድሽ ማግስት ሥራ አስኪያጁ ማማሰያውን ሰጠኝ፤ ሌላ ሰው ቢያጣ ነው እንጂ ወዶኝ አይደለም። የምስር ሾርባሽን እንዳሳየሽኝ ሠራሁት። ሽንኩርቱን አቁላልቼ፣ ካሮቱን ወደ መጨረሻ፣ ጨዉን ምስሩ ከፈነዳ በኋላ። ቀመስኩት፣ ልክ ነበር። አልኮራሁም ብልሽ ውሸቴን ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ የፋብሪካው ሳሙና ሠሪዎች ተሰልፈው ገቡ። ፊት የነበረው አንድ ማንኪያ ፉት አለና ዓይኑን ጨፈነ። "ልጁ ባሕር አፍልቶ አቀረበልን" አለ። ጓደኛው ደግሞ፣ "እኔስ የራሴን ሳሙና ብበላ ይሻለኛል።" ሮጬ ቀመስኩት፤ እውነትም ምላስ ይልጣል።

በማግስቱ ጨዉን ቀነስኩ። ያው ሆነ። ግማሽ አደረግኩት፣ ያው። ሥራ አስኪያጁ ጠራኝና፣ "አንተ ቀልደኛ፣ የሠራተኛ ሆድ መጫወቻህ ነው? ወይ ይህን የሚያደርገውን ታመጣልኛለህ፣ ወይ ከዚህ ትወጣለህ" አለኝ። እኔ አይደለሁም ብልስ ማን ያምነኛል? በዚያ ግቢ ወንበር ቢሰበር እንኳ መጀመሪያ የሚጠራው የኔ ስም ነው።

ስለዚህ መርማሪ ሆንኩልሽ። ከሱቅ የመጣውን ጨው ከድሮው ጋር አስተያይቼ ቀመስኩ፤ ጨው ጨው ነው፣ ያተረፍኩት ጥማት ብቻ። ከዚያ ሌላ ዘዴ መጣልኝ። አንድ ጠዋት አንዲት ቅንጣት ጨው ሳልጨምር ድስቱን ጥጄ ወጣሁና ደጅ ድንች ስልጥ ቆየሁ። ሾርባው ሲደርስ ተመልሼ ቀመስኩት።

አክስቴ፣ ያንቺ ሾርባ ነበር። አልበዛ፣ አላነሰ፤ ያንቺው ራሱ። ማንኪያውን እንደያዝኩ ወደ በሩ ዞርኩ። መጥተሽ ከኋላዬ የቆምሽ መስሎኝ።

በሚቀጥለው ቀን ከዱቄት ጆንያው ኋላ ተደበቅኩ። መጀመሪያ ነጎድጓድ መጣች። ግራ ቀኙን አየች፣ ከጨው ዕቃው ቆንጠር አደረገች፣ ድስቱ ውስጥ በተን አድርጋ አማሰለችና ሄደች። ቀጥሎ ዳቦ ቆራጩ ጋሼ፣ ያ በዓመት አንዴ የሚናገረው፣ በጣቱ ጫፍ ቆነጠረ። ከዚያ አስተናጋጇ ሳህን የምትወስድ መስላ ገባች። እሷ እጇን ስትሰድ ዱቄቱ አስነጠሰኝ። ነጭ ሆኜ ብቅ ስል ያቀፈችውን ሳህን ሁሉ ለቀቀችው፤ በድምፁ ሁለቱም ሮጠው መጡ።

"እሺ፣ ጨው ጨምሩ ያላችሁ ማነው?" አልኳቸው። እርስ በርስ ተያዩ። ለካ ሦስቱም ለየብቻቸው የሚያደርጉት መስሏቸው ኖሯል።

ነጎድጓድ፣ "ልማድ ነው፣ የኔ ልጅ" አለች። ከመቼ ጀምሮ ስላት የታጠበ ድስት ማሸት ጀመረች። የመለሰልኝ ጋሼ ነው፤ የዓመቱን ቃል አወጣው። "አክስትህ ያ ከባድ ጉንፋን ጣዕም አጥፍቶባት ጨው መጨመር ከፈራች ወዲህ" አለኝ። አስተናጋጇ ቶሎ ብላ፣ "ደግሞ ለሷ ነግረሃት" አለችና አስማሉኝ። መሐላዬን ጠብቄያለሁ። ስለ መጻፍ ማንም አላነሳም።

ያን ሰሞን ምሳ ሲበላ ከመስኮቱ ቆመሽ የሰዉን ፊት አንድ በአንድ ታዪ ነበር፤ ሾርባውን ትተሽ ፊት ፊታቸውን። እኔ ኩራት ይመስለኝ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ መልስ ይጠብቃል። የሆነውን ብነግረው ሦስቱንም ያባርራቸዋል፣ ያንቺም ስም አብሮ ይነሳል። ስለዚህ፣ "እኔ ነኝ፣ ቀልድ ነበር" አልኩት። እንዴት ፈጥኖ እንዳመነኝ ብታዪ ታዝኚልኝ ነበር። ሊያባርረኝ ሲል ነጎድጓድ ወረደችበት፤ በስንት ልመና ሽንኩርት ላጭ ሆኜ ቀረሁ። ዓይኔ ቀልቷል፣ ሰበቡን ግን ለሽንኩርቱ ትቼዋለሁ።

አሁን የሚያበስለው ራሱ ሥራ አስኪያጁ ነው። ሩዙን በቢላ እየቆረጥን እናድላለን። ትናንት መጥቶ አጠገቤ ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠና፣ "ለድስቱ የሚሆን ሰው ታውቃለህ?" አለኝ። አንዲት አውቃለሁ፣ ግን ኩሩ ናት አልኩት። ገባው። "ደከመኝ ብላ አይደል የሄደችው?" አለ። ልጠይቃት አልኩት።

ይኸው ጠየቅኩሽ። ነይ። ምስሩን እንዳሻሽ ሥሪው፣ ስትፈልጊ ጩኺብኝ። ጨዉን ለኛ ተዪው።

መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ዓይን ለዓይን ያገናኘን። ልጅሽን ሳሚልኝ፤ አለቅም ብላ ካኮረፈች እኛ ከሷ በፊት እንዳኮረፍን ንገሪያት።

ያሳደግሽው ጉድ፣
የእህትሽ ልጅ