የፍሬን ሊቁ አባት

የሥራ ባልደረባዬ ካቻቢቴ፣ እንደምን ከረምክ? የልጄ ሐኪም ክፍል ከጋራዣችን ቢሮ ቢጠብም አንዲት ጠብታ ዘይት የለበትም። ዛሬ የልጄን የጡት ካንሰር መነሻ ስታስረዳን፣ «ሴል ያለልክ እንዳይራባ የሚይዝ ዘረመል አለ፤ እንደ ፍሬን ነው። ከእናትም ከአባትም አንድ አንድ ይወረሳል። እሷ አንዱን የወረሰችው ተበላሽቶ ነው፤ ደህና የነበረውም ጡቷ ላይ ሲበጠስ ካንሰሩ መጣ» አለች። እኔ የፍሬን ሊቁ ዘልዬ፣ «በእናቷ ወገን ነዋ! የጡት ነገር ከወንድ አይመጣም» አልኩ። ሐኪሟ ቀስ ብላ፣ «የእርስዎንም ደም አይተናል፤ ከእርስዎ ነው» አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ልጄ እጄን ይዛ፣ «አፍንጫዬስ የማን ሆነና፣ አባዬ?» ብላ ሳቀች።

ይህ ፖስትካርድ እንደደረሰህ እህቴን ንገራት፤ ትመርመር። የጋራዡን ልጆች ሰላም በልልኝ። ለባለቤቴ ራሴ እነግራታለሁ፤ በምን ዓይኔ እንደማያት ግን እንጃ።