ወንድምሽ የገጠመው በር

ልጄ፣ የእኔ ዓይን ባያይሽም የፈጣሪ ዓይን አይለይሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

ወንድምሽ ከእስር ከተፈታ ሁለት ወር ሆነው። እዚያ የተማረው አናጢነት ግሩም ነው፤ ያንን የተጣመመ የሳሎን በር አስተካክሎ ገጠመው። ግን አይከፍተውም። ዘጠኝ ዓመት ሌላ ሰው ሲከፍትለት ስለኖረ፣ አጠገቡ ቆሞ ይጠብቃል። «ክፈተው እንጂ፣ ቤትህ አይደል!» ብዬ ስቆጣው፣ «ረስቼው ነው፣ እማዬ» ይላል። ጎረቤቱ ቤታችንን ከረሳ ቆየ፤ የሚያንኳኳም የለ። አንቺም ስትደውዪ «እሱስ ደህና ነው?» ብለሽ ታልፊዋለሽ። እሱ ግን ወሬያችንን እስክንጨርስ እዚያው በሩ ጋ ነው።

እባክሽ ዓለሜ፣ እሑድ ስትደውዪ እሱን ጥሪው። ወሬያችሁን እስክትጨርሱ እኔ በሩን ከፍቼ ደጅ እጠብቃለሁ።

ያንቺስ ደጅ ሰው አይጣ።

እናትሽ