ልጄን የከሰል ጉድጓድ ላስገባልኝ የምዝገባ ጽሕፈት ቤት

ለተከበሩ የዩኒቨርሲቲው የምዝገባ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ሙሉ ጤንነትን፣ በተለይም ጠንካራ ሳንባን እመኛለሁ። ፉ ደሸንግ እባላለሁ፤ እዚሁ ሻንሺ ክፍለ ሀገር፣ የድንጋይ ከሰል በሚወጣበት ጉድጓድ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቼ፣ አሁን አውቶቡስ ጣቢያው በር ላይ ጎማ እየጠገንኩ በየመሐሉ አስላለሁ። በጋዜጣ የምጽፍልዎ ለማመስገን ነው።

አንደኛ፣ ስለ ውቡ ብሮሸራችሁ አመሰግናለሁ። ገጽ አራት ላይ «ተማሪ ሐሳቡን ቢቀይር በራችን ክፍት ነው» ይላል። ልጄ ያሊን የሒሳብ አስተማሪ መሆን ነበር የምትፈልገው፤ በአሥራ ስምንት ዓመቷ ሐሳቧን ብትቀይርስ ብዬ ስለሰጋሁ ግን፣ አጠገባችን ያለውን የመምህራን ኮሌጅ ሁለተኛ አድርጋ የእናንተን እንድታስቀድም ለመንኳት። የሒሳብ ክፍሉ ሞልቶ ስለነበር፣ በደግነታችሁ ቦታ ወደተረፈበት ወደ ማዕድን ቁፋሮ መደባችኋት። አባቷ እያሳለ የወጣበትን ጉድጓድ እሷ በዲግሪ እንድትገባበት ማሰባችሁ ትልቅ ውለታ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ደንባችሁ ጥበብ። ክፍል መቀየር የሚፈቀደው ከአንድ እስከ ሦስት ለወጡት ብቻ መሆኑን የነገራችኋት ከገባች በኋላ ነው። የምትጠላውን ትምህርት ዓመቱን ሙሉ አጥንታ አንደኛ ወጣች። ማመልከቻዋን ስታቀርብ የክፍሉ ኃላፊ ሻይ ጋብዘዋት፣ በታላቅ ትሕትና፣ «አንደኛችንንማ ለሒሳብ ሰዎች አሳልፈን አንሰጥም፣ ልጄ» ብለው ሳይፈርሙ መለሷት። በሁለተኛው ዓመት እንዲለቋት ስትል ሆን ብላ ሠላሳኛ ወጣች፤ ያኔ ደግሞ ደንቡ ለሠላሳኛ አይፈቅድም ተባለች። በራችሁ ክፍት መሆኑን አልክድም። ወደ ውስጥ ብቻ እንደሚያስገባ ለመጻፍ ገጹ ጠቦባችሁ ይሆናል።

ሦስተኛውን ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል። ባለፈው ሳምንት ለልምምድ ጉድጓድ አስገባችኋት። ከመውረዷ በፊት ደወለችልኝ፤ ስለ ጉድጓዱ ጠይቃኝ አታውቅም፣ እኔም ነግሬያት አላውቅም። «አባዬ፣ የራስ ቁሩ መብራት ሲጠፋ ምን ታደርግ ነበር?» አለችኝ። ባለሽበት ቁጭ ብለሽ ጠብቂ አልኳት። የዚያን ቀን ምሳዬን መብላት አቃተኝ።

ለጽሕፈት ቤትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለማኅተማችሁ የማይደርቅ ቀለም፣ ለእርስዎም ንጹሕ አየር እየተመኘሁ፣ ጉድጓድ ውስጥ በለመድኩት ጎንበስ ማለት እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ፣
ፉ ደሸንግ፣ ጎማ ጠጋኝ

የረሳሁት፦ የማመልከቻው ቅጽ ላይ «ቦታ ባለበት ክፍል ብመደብ እስማማለሁ» የሚል ሳጥን አለ። ያሊን ባዶ ትታው ነበር፤ ባዶ ቢቀር ኖሮ የመምህራን ኮሌጁ ይደርሳት ነበር። ትኩሳት ይዟት ተኝታ ሳለ ቅጹን በኮምፒውተር የላክሁት እኔ ነኝ፤ ዕድሏ እንዳያመልጣት ብዬ ምልክት ያደረግሁበትም እኔው ነኝ። እስከ ዛሬ የኮምፒውተር ስሕተት ይመስላታል፤ እኔም ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ለመናገር ድፍረት አጣሁ። ልጄ፣ ይህን ካነበብሽው ጥፋቱ የእኔ ነው። ክቡር ኃላፊ ሆይ፣ ከዚህ በታች በገዛ እጄ ፈርሜበታለሁ፤ የክፍሉ ኃላፊ እንዴት እንደሚፈረም ማየት ከፈለጉ ያሳዩልኝ።

ፉ ደሸንግ