ሰክሮ ወደቀ ብለሽ ጻፊ

ሰኞ፣ ሰኔ 3 ቀን 1988

ወረቀቱ ክንዴ ላይ እየተጣበቀ አስቸገረኝ። ፎጣ አነጠፍኩ፣ ፎጣውም ራሰ። መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም፤ ቬንትሌተሩ ቆሟል። ለሦስተኛ ዓመት የነርስ ተማሪዎቼ "ስለ አንድ በሽተኛ ጻፉ" ብዬ የሰጠኋቸውን ድርሰት እያረምኩ ነው። ግማሾቹ በሽተኛውን በመጀመሪያው መስመር ይገድሉታል፣ በሦስተኛው መስመር ሾርባ ያጠጡታል። ያለፈውን ካሁኑ ለይቶ መጻፍ የነርስ ሥራ ነው ብል ማን ይሰማኛል?

የሰዓዳ ብቻ ንጹህ ነው። አባቷ ከወሎ መጥቶ አሰብ ሰጊር የሚባለው ሰፈር ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነው። ልጅቷ ይህን እንግሊዝኛ ከየት እንዳመጣችው እግዜር ይወቅ።

የኮሌጁ ዲሬክተር አቶ ሃብቶም አስጠሩኝ። ሆስፒታል አንድ የውጭ አገር መርከበኛ ገብቷል፣ የሚናገረውን የሚሰማ የለም፣ ሂጂ አሉኝ። በቅጥር ወረቀቴ ላይ "የእንግሊዝኛ ድርሰት መምህርት" ነው የሚለው። የማደርገው ግን ማስተማር፣ ማረም፣ የዲሬክተሩን ደብዳቤ መጻፍ፣ በእርዳታ የመጣ መድኃኒት ካርቶን ላይ ያለውን ማንበብ፣ እንግዳ ሲመጣ ፈገግ ብሎ ማስተርጎም። አሁን ደግሞ መርከበኛ ተጨመረ።

ሰውየው ፊሊፒናዊ ነው፣ ስሙ ሮኒ። ወደ መርከቡ ሆድ ሲወርድ መሰላሉ ተገንጥሎ ወድቋል፤ ጭኑ ተሰብሯል። ሰዓዳ የልምምድ ተራዋ ስለነበር ላቡን ትጠርግለታለች። "መሰላሉ ዝጓል ብዬ ሁለቴ ነግሬያቸው ነበር" አለኝ። ከዚያ በኋላ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ መርከቡ ይጠብቀኛል ወይ? እንጃ አልኩት። ሌላ ምን ልበለው።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 4

አቶ ሃብቶም ቢሮ የመርከቡ ወኪል ተቀምጦ አገኘሁት። አቶ ግርማ ይባላል። በዚህ ሙቀት ሸሚዙ ላይ አንድ መጨማደድ የለም።

"ሰውየው ሰክሮ ነው የወደቀው" አለኝ፣ ገና ሳልቀመጥ። "በራሱ ፈቃድም እዚሁ መቅረት ይፈልጋል። ይህን በጥሩ እንግሊዝኛ ይጻፉልን፣ እሱ ይፈርማል፣ አለቀ።"

"ለእኔ የነገረኝ ሌላ ነው። መሰላሉ ነው የተገነጠለው።"

"ወይዘሮ ሰብለ፣ የጠየቅንዎ ቋንቋውን ነው፤ ምርመራ አይደለም።"

ነገሩ ገባኝ። ሰክሮ ወደቀ ከተባለ መርከቡ ዕዳ የለበትም፤ አያሳክመውም፣ አገሩም አይመልሰውም። አሰብ ላይ ጥሎት ይሄዳል።

ወኪሉ ከወጣ በኋላ አቶ ሃብቶም ዓይኔን ሳያዩ ተናገሩ። "ለእኛ የሚመጣው መድኃኒት ሁሉ በዚህ ሰው እጅ ነው ከወደቡ የሚወጣው። ደግሞ ኮንትራትሽ በዚህ ወር ያልቃል። ላስፈራራሽ አይደለም።"

ላለማስፈራራት ከሆነ ለምን አነሱት? ኮንትራቴ ካልታደሰ የመኖሪያ ፈቃዴም አብሮ ያልቃል። የኢትዮጵያ ዜጋ መሆኔን፣ አሰብ ከተለየች ወዲህም እዚህ የውጭ ሰው መሆኔን እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አልረሳሁትም። ነገ እሰጥዎታለሁ ብዬ ወጣሁ። ከሰዓት ስለ ነጠላ ሰረዝ አስተማርኩ። ማን እንደሰማኝ አላውቅም።

ረቡዕ፣ ሰኔ 5

ጻፍኩ። ግን ሰውየው ያለውን ነው የጻፍኩት። መሰላሉን፣ ዝገቱን፣ ሁለቴ መናገሩን። ጀግንነት አይደለም፤ ስጽፍ ሁለት ወረቀት አበላሽቻለሁ። ሌላውን ለመጻፍም ሞክሬ ነበር። "ሰክሮ" የሚለው ጋ ስደርስ የሰውየው ፊት እየመጣብኝ አልሆነልኝም።

አቶ ሃብቶም አነበቡና አጠፉት። "እንግሊዝኛሽ ጥሩ ነው" አሉኝ። "ግን ይህን አላዘዝኩሽም።" ወረቀቱ መሳቢያ ገባ።

ምሳ ላይ ለተሾመ ነገርኩት። ባሌ ወደብ ላይ ክሬን ነው የሚነዳው፤ እንዲህ ያለ ነገር ብዙ አይቷል። እንጀራውን ትቶ ተነሳ።

"ለማታውቂው ሰው ብለሽ ቤታችንን ልታፈርሺ ነው?"

"አንተ ብትሆን ሰክሮ ነው ብለህ ትጽፍ ነበር?"

"እኔ መጻፍ አልችልም፤ ተመስገን ነው።"

ምሳውን ሳይጨርስ ወደ ወደቡ ተመለሰ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 6

ለፈተና የሚባዛ ወረቀት ይዤ ታይፒስቷ ጋ ስገባ ጠረጴዛዋ ላይ ነበር። ወኪሉ የፈለገው ቃል፣ ተጽፎ፣ ተጠናቆ። አንድ ስህተት የለበትም። ሰውየው "ሰክሮ ታይቷል"፣ እዚህ መቅረቱ "ተወስኗል"። ማን አየው፣ ማን ወሰነ፣ የለም። ሁሉም በተገብሮ። እንዲህ አድርጎ የሚጽፍ እዚህ ኮሌጅ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያስተማርኳት ደግሞ እኔ ነኝ።

ሰዓዳን ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ያዝኳት። የተጠቀመችበትን መርፌ በሳህን ይዛ ነበር።

"አንቺ ነሽ የጻፍሽው?"

"አዎ ቲቸር።" አልካደችም። "አቶ ሃብቶም አዘዙኝ። አሥመራ የምመደበው በእሳቸው ፊርማ ነው።"

"ሰውየው የነገረንን አንቺም ሰምተሻል እኮ።"

"ሰምቻለሁ። እኔ ሰከረ አላልኩም፤ ታይቷል ነው ያልኩት። ባለቤቱን መጥቀስ በማትፈልጉበት ጊዜ እንዲህ ይጻፋል ብለው ያስተማሩን እርስዎ አይደሉም?"

ልትሰድበኝ ብላ አይደለም። እውነቷን ነው የጠየቀችኝ፤ የባሰው እሱ ነው። ዘጠኝ ዓመት እዚህ ከተማ ላይ በላብ ያስተማርኩት ለዚህ ነው? ከተማሪዎቼ ሁሉ አንዷ በደንብ ገባት፣ ለምን እንደዋለ ግን ይኸው።

ቤት ስገባ ተሾመ ውሃ ከበርሜል ቀድቶ አቆይቶልኛል። እንደተኮራረፍን ነው፣ ግን ቀድቷል።

ዓርብ፣ ሰኔ 7

ጠዋት አስፈረሙት። ማለት፣ ሊያስፈርሙት መጡ። አቶ ግርማ፣ አቶ ሃብቶም፣ እኔንም ምስክር እንድሆን ጠሩኝ። እምቢ ብል ከጀርባዬ ይሆናል ብዬ ሄድኩ። ሰዓዳ የሮኒን ትራስ እያቃናች ነበር።

ወኪሉ እስክሪብቶ አቀበለው፣ ለሆስፒታሉ ነው አለው። ሮኒ ወረቀቱን አየና ዓይኑ ፈዘዘ፤ ማስታገሻ ወስዷል፣ ፊደሉን መያዝ አልቻለም። ወረቀቱን ወደ ሰዓዳ ዘርግቶ ምን ይላል አላት።

አፌን ልከፍት ስል ቀደመችኝ። ተገብሮውን ሁሉ ትታ በአጭሩ፣ የአንደኛ ክፍል ልጅ በሚገባው እንግሊዝኛ ነገረችው። ሰክረህ ነው የወደቅከው ይላል። መርከቡ ትቶህ ይሂድ ብለሃል ይላል። አትፈርም።

ሮኒ እስክሪብቶውን ብርድ ልብሱ ላይ አስቀመጠ።

አቶ ግርማ ወደ አቶ ሃብቶም ዞሮ "ይቺ ልጅ ማናት?" አለ። ወረቀቱን ይዞ ወጣ። ሰዓዳ ወደ እኔ ሳትዞር የሚቀጥለው አልጋ ጋ ሄዳ የሰው ትኩሳት መለካት ጀመረች።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ መርከቡ ወጣ። ከክፍሌ መስኮት ይታያል። ተማሪዎቹ እየጻፉ ነበር፣ እኔ ቆሜ አየሁት። ሳይፈርምም ትተውት ሄዱ። ታዲያ ምን ተረፈ አልኩ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 8

ተርፏል። ፊርማ ስለሌለ ወኪሉ ሰውየውን ከጀርባው ማውረድ አልቻለም። ሮኒን ሰኞ በመርከቡ ወጪ በአውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ ወስደው ሊያሳክሙት፣ ከዚያም ወደ አገሩ ሊልኩት ነው። አቶ ሃብቶም ይህን ሲነግሩኝ ነገሩን እሳቸው የጨረሱት ነው የሚመስለው። ቀጥለው ለአቶ ግርማ የምስጋና ደብዳቤ ጻፊ አሉኝ። ስለ ትብብሩ።

ጻፍኩት። መድኃኒቱ አሁንም በእሱ በኩል ነው የሚወጣው።

ደብዳቤውን ስሰጣቸው ሌላ ወረቀት ወደ እኔ ገፉ። ኮንትራቴ ነው፣ ለአንድ ዓመት። "የሚጽፍልን ሰው ያስፈልገናል" አሉኝ። እዚያው ፈረምኩ። ይህን ጊዜ ወረቀት አላበላሸሁም።

ስወጣ ሰዓዳ የማስታወቂያ ሰሌዳው ጋ ቆማለች። የሦስተኛ ዓመቶች ምደባ ወጥቷል። ከክፍሏ አንደኛ የሆነችው ልጅ ራሔይታ ተመድባለች፤ ጅቡቲ ድንበር አጠገብ፣ ዓሣ አጥማጅና ፍየል ያለበት፣ አንድ ክፍል ክሊኒክ። አሥመራ ሌላ ሰው ሄዷል።

"ሰዓዳ" አልኳት።

"ንፋሱ ከዚህ ይሻላል ይላሉ ቲቸር" አለችኝ። ፈገግ ለማለት ሞከረች። "አፋርኛ መማር አለብኝ። የሚያስተምረኝ ሰው ያውቃሉ?"

አላውቅም። አቶ ሃብቶም ጋ ተመልሼ መግባት ነበረብኝ። በሩ ክፍት ነበር፤ ድምፃቸው ይሰማኛል። ቦርሳዬ ውስጥ የተፈረመ ኮንትራት ይዤ ቆምኩ፣ ቆምኩና ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ለተሾመ ኮንትራቱ መታደሱን ነገርኩት። ደስ አለው፤ ከስንት ቀን በኋላ ስቆ ግንባሬን ሳመኝ። የሰዓዳን ግን አልነገርኩትም።