ጠግቧል ብዬ የመለስኳት ሴት

ግንቦት 3

ለማንም ተናግሬው የማላውቅ ነገር አለ። የመጀመሪያ ልጄ አላምረው ያን ቀን ጠግቦ አልነበረም። "ጠግቧል" ያልኩት እኔ ነኝ።

ይኸው ጻፍኩት። የቀረው ተራ ቀን ነው። ግቢ ጠረግኩ። ውሃ መጥቶ ስለነበር በርሜሉን ሞላሁ። ልጄ ፍሬዓለም ነገ ከሆስፒታል ትወጣለች። በቀዶ ጥገና ነው የወለደችው፤ አራስነቷን እኔ ዘንድ ልትጨርስ።

የባሏ እህት ከአዲስ አበባ ሻንጣ ሙሉ የልጅ ዕቃ ልካለች። "እትዬ፣ ይህ ካለሽ ልጅ ማሳደግ ጨዋታ ነው" አለች በስልክ። ከፈትኩት። ዳይፐር፣ እንደ ዣንጥላ የሚዘረጋ አጎበር፣ ደረት ላይ የሚታሰር ማዘያ፣ ብብት ውስጥ የሚገባ ሙቀት መለኪያ፣ በመብራት የሚሠራ የጡጦ መቀቀያ። ጡጦዎች።

ጡጦዎቹን መልሼ ከሁሉ ሥር ከተትኳቸው። ለምን ደበቅኳቸው? አውቃለሁ ለምን...

ግንቦት 5

ሕፃኗ ሔራን ተባለች። ትንሽ ናት፤ ጡት ስትይዝ ግን ጉልበተኛ።

አጎበሩ ደግ ዕቃ ነው። ዝንብም ትንኝም አላስጠጋ። ማዘያውን ግን ለእኛ ለቆቦ ሙቀት አልሠሩትም። ትንሽ ብይዛት ሆዷ በላብ ራሰ። ነጠላዬ ይሻላል።

ጎረቤቴ ኡሙልኸይር ቅቤና ማር ላከች፣ በልጇ በሂባ እጅ። እሷ ራሷ መንገዱ ማዶ ቆማ ነበር።

"እናትሽ አትገባም?"

"እማ አራስ ያለበት የሰው ቤት አትገባም፣ እትዬ ከፈለች። ታውቂ የለ?"

አውቃለሁ።

ግንቦት 8

ፍሬዓለም እንደ እሳት ተቃጠለች። ስፌቱ አመርቅዟል። ባሏ ተዋቸው ከሚያስተምርበት ከዋጃ ደርሶ ወደ ወልዲያ ሆስፒታል ሊወስዳት ነው።

"ከሆስፒታሉ ሕፃኗን ይዛችሁ አትምጡ ብለውኛል። እማዬ፣ አንቺው ያዣት።"

ከመሄዳቸው በፊት የጣሳ ወተት ገዝቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ጡጦዎቹን ከሥር አወጣኋቸው። ሌላ ምን ምርጫ አለኝ?

ግንቦት 9

መብራት የለም። መቀቀያው ባዶ ዕቃ ሆኖ ተቀመጠ። በከሰል ቀቀልኩ። አላመንኩም፣ ደግሜ ቀቀልኩ።

ግንቦት 10

ጠጣች። ተመስገን።

ግንቦት 12

ተቅማጥ ያዛት። ደግሞም ታስመልሳለች።

ምን አጠፋሁ? ውሃው ነው? ክዳኑን መሬት ጥዬው ይሆን? አቧራው በስንጥቁ ሁሉ ይገባል... ሻንጣ ሙሉ ዕቃ ተደርድሮ፣ ልጅቱ ዓይኔ እያየ ትጠወልጋለች።

ያኔም እንዲሁ ነበር። በአላምረው ጊዜ ወተቴ ደረቀ። ኡሙልኸይር የመጀመሪያ ልጇን ታጠባ ነበር። ደጄ ድረስ መጣች። "ስጪኝ፣ ከልጄ ጋር ይጥባ። ጡቴ ለሁለት ይበቃል።" አላምረው ውስጥ ያለቅሳል። እየሰማች፣ እየሰማሁ፣ "ጠግቧል" አልኳት።

ለምን? ባሌ ነፍሱን ይማረውና ከደሴ ጡጦ አምጥቶልኝ ነበር። በሰፈሩ ከእኔ በቀር ጡጦ ያለው አልነበረም። ሰው እንዲያይልኝ ፈለግኩ። "የሰው ጡት ለምና አሳደገች" እንዳይሉኝም ፈራሁ። ያንን ጡጦ በጉድጓድ ውሃ ለቅለቅ እያደረግኩ እሰጠው ነበር። ሆዱ ተበላሸ። ቀበርነው።

የሰፈሩ ሴቶች "ደጅ ቆማ ስጪኝ ያለችው እሷ ናት፤ ዓይኗ ነው የበላው" አሉ። ዝም አልኩ።

ኋላ ማንበብ ለመድኩ፣ ከፍሬዓለም መጻሕፍት፣ ብቻዬን። አንዱ ገጽ ስለ ጡጦና ስለ ቆሻሻ ውሃ ነበር። ጣቴን ከፊደል ወደ ፊደል እየጎተትኩ አነበብኩት። ማን እንደገደለው ያን ቀን አወቅኩ። ያን ጊዜም ዝም አልኩ።

ግንቦት 13

ጤና ጣቢያ ሄድን። ሲስተሯ ስለ ሔራን እናት ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። አናቷ ላይ እርግብግቢቷን ዳሰሰች። መጎድጎድ ጀምሯል። የአላምረውም እንዲህ ነበር።

"ጡጦውን ተይው፣ እማማ። ወተቱን በስኒ ስጪያት። ለእሷ መድኃኒቷ ግን ጡት ነው። የምታጠባ፣ ተመርምራ ከበሽታ ነፃ የሆነች ጎረቤት የለሽም? እስከ ነገ ካልተሻላት ወደ ሆስፒታል ሪፈር እጽፋለሁ።"

"የለኝም" አልኩ።

ሂባ አለች። ልጇን መህዲን ከወለደች ገና ጥቂት ወሯ ነው፤ ምርመራዋም ክትትሏም እዚያው ጤና ጣቢያ ነበር። ለምን የለኝም አልኩ? እንደገና "ጠግቧል" ማለት አይደለም?

ባጃጁ ቤቴ ሳይደርስ "እዚህ አውርደኝ" አልኩት።

ኡሙልኸይር ደጇ ላይ ማሽላ ታበጥር ነበር። ሕፃኗን ስታይ ሰፌዱን ጣለች። ወደ ኋላዋ ሸሸች።

"ምነው ከፈለች? ወደ እኔ ይዘሻት አትምጪ እንጂ።"

"ተርባለች" አልኩ።

ዓይኗን ከሕፃኗ አንስታ ወደ ፈሰሰው ማሽላ መለሰች።

"ዛሬስ ጠግባለች አትዪኝም?"

"አልልሽም" አልኩ። ሕፃኗን ዘረጋሁላት።

"ሂባ! ቢስሚላህ ብለሽ ነይ፣ ተቀበያት።"

ሔራን መጀመሪያ እንቢ አለች። አፏን መክፈት ራሱ ደክሟት ነበር። ሂባ ወተቱን በጣቷ ከንፈሯ ላይ አደረገችላት። ደግማ አደረገች... ከዚያ ያዘች። "ይቺማ መህዲን ጦም ልታሳድረው ነው" ብላ ሳቀች ሂባ። እኔ አለቀስኩ።

ኡሙልኸይር ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተቀምጣለች።

"ምን ሆነሻል ኡሙ?"

"እንዳላያት ነው። ትጥባ፣ ትጨርስ። አብሽሪ፣ አላያትም።"

እኔ ሰው ብቻ የሚለው መስሎኝ ነበር የኖርኩት። ለካ እሷም አምናዋለች። ይህን ሁሉ ዘመን "የከፈለችን ልጅ እኔ ገደልኩት" ብላ ነው የኖረችው... ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ግንቦት 16

ተቅማጡ ቆመ። ሲስተሯም ፈገግ አለች።

ሔራንና መህዲ እነሂባ ቤት በአንድ አጎበር ሥር ተኙ። ኡሙልኸይር ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ትቀልዳለች፦ "እንግዲህ የጡት ወንድምና እህት ናቸው። ለልጅሽ ልጅ ባል ከሮቢት ፈልጊ፣ መህዲን አታገኚውም።"

ትቀልዳለች። መጋረጃውን ግን አትገልጥም።

ግንቦት 20

ተዋቸው ደወለ። ፍሬዓለም ትኩሳቷ ለቋታል። "ጡጦው ሠራ፣ እማዬ?" አለኝ።

"አልሠራም። ልጅህን ሂባ ናት ያተረፈችልህ።"

ዛሬ ልናገር ብዬ ሁለቴ ኡሙ ዘንድ ሄድኩ። ስለ ዝናብ አውርተን ተመለስኩ።

ግንቦት 25

ፍሬዓለም መጣች። ከስታለች፤ ግን በእግሯ ነው የገባችው። ወተቷ ትንሽ ነው። ሲስተሯ "ደጋግመሽ አስይዣት፣ ይመለሳል" ብላታለች። እስኪመለስ ሂባ አለች።

ሙቀት መለኪያውን ለሂባ ሰጠኋት። ጡጦዎቹን አቃጠልኳቸው። በደንብ ለሚቀቅላቸው ሰው ምንም አላጠፉም፣ አውቃለሁ። እኔ ግን ላያቸው አልቻልኩም።

ፍሬዓለም "እትዬ ኡሙልኸይርን ላመስግናት፣ ጥሪልኝ" አለችኝ። ጠራኋት። እንደልማዷ መንገዱ ማዶ ቆመች። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ "አልሐምዱሊላህ፣ እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ" አለች ከዚያው። ልጄ በበሩ በኩል እጇን ብትዘረጋም አልገባችም።

ከዚህ በላይ ማየት አልችልም።

ነገ ሔራንን ይዤ እሄዳለሁ። ጭኗ ላይ አስቀምጣታለሁ፤ ብትሸሽም አስቀምጣታለሁ። ከዚያ ይህን የጻፍኩትን ከመጀመሪያው መስመር ጀምሬ አነብላታለሁ። "ዓይኗ ነው" ካሉት ሴቶች ያልሞቱት ለሔራን ክርስትና ይመጣሉ። ለእነሱም በአፌ እነግራቸዋለሁ፤ መጀመሪያ ግን እሷ።

ኡሙ ፊደል አትለይም። ሂባ ብታነብላትስ? አይሆንም። ያኔ የዋሸው የእኔ አፍ ነው፣ የሚያነበውም እሱ ነው። አንብቤ ስጨርስ ገጾቹን እጇ ላይ ትቼላት እወጣለሁ። ብታቃጥላቸውም፣ ብታስቀምጣቸውም፣ የኡሙልኸይር ናቸው።