አባባ ወንዝ የጣሉት የብረት ክኒን

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለቲያንላይ፣

እንዴት ከርመሃል? ባሕሩስ እንዴት ይዞሃል? ወገብህን ተሻለህ ወይስ ያ መረብ ጉተታ ዛሬም አጉብጦሃል? እኛ ደኅና ነን። «ደኅና» ማለቴ እንደ ወጉ ነው፤ ወሬው ከዚህ በታች አለልህ።

የባለቤትህ የቢዩ ሆድ ገፍቷል፤ ፊቷ ግን እንደ ሩዝ እጣቢ ነጥቷል። የሻይ ቅጠል ስትለቅም ዓይኗ እየጨለመባት ቁጭ ትላለች። አዋላጇ ወይዘሮ ፓን የዓይኗን ሽፋን ገለጥ አድርጋ አየችና «ደም የላትም፤ እንዲህ ሆና ወልዳ ደም ከፈሰሳት አላተርፋትም» ብላ የብረት ክኒን ሰጠቻት።

መቼም አባባን ታውቃቸው የለ! «ውሃ ለማሳ ነው፤ ለሰው ሻይ አለለት» ባይ ናቸው። እሳቸው የቀዱትን ስኒ ማን ይመልሳል? ቢዩም ክኒኗን በእሳቸው ሻይ ስታወራርድ ከረመች፤ ደሟ ንቅንቅ አላለም። ወይዘሮ ፓን ይህን ስትሰማ ቤት ድረስ መጣች። «ሻይ ብረቱን አንቆ ይይዘዋል፤ ደም ውስጥ አይገባም፤ እስክትወልድ ይቅርባት» አለች። አባባ ሳቁባት። «እናቴ ያን ሁሉ ልጅ የወለደችው ሻይ እየጠጣች ነው፤ አንቺ ትናንት የተወለድሽ!» አሏት። እሷም እልህ ያዛትና «ሻይ ብረቱን እንዴት እንደሚይዘው ይዩ» ብላ ክኒኑን ፈጭታ የአባባ ስኒ ውስጥ ጨመረችው። ሻዩ እንደ ቀለም ጠቆረ።

ምነው ባላደረገችው! «አያችሁ? ሻዬን እንዲህ ያደረገ የልጅ ልጄን ምን ሊያደርገው ነው?» ብለው የቀረውን ክኒን ወንዝ ጣሉት። ሴትዮዋ ሌላ ብታመጣ ከበር መለሷት።

ለመንኩ፣ አለቀስኩ። «አንቺ የባልሽን ቤት ምከሪ» አሉኝ። ክኒኑን በጉያዬ ደብቄ ብወስድላት ደግሞ ቢዩ ራሷ እጄን መለሰችው። «እትዬ፣ አማቴን ዋሽቼ ልጅ አልወልድም» ትለኛለች። ምን ልበላት? አባባ ክፉ ቢሆኑ ተጣልቼ በወጣልኝ። እሳቸው እኮ ይወዷታል! ለአዲስ ዓመት ያስቀመጡትን ምርጥ የፀደይ ሻይ ቅጠል ከፍተው «ብርታት ይሁንሽ» እያሉ አወፍረው ይቀዱላታል። በገረጣች ቁጥር ይጨምሩላታል።

የሚሰሙት አንተን ብቻ ነው። ግን መርከባችሁ ወደብ ተመልሶ ይህ ደብዳቤ እጅህ እስኪገባ ልጁ ይወለዳል። ይህን እያወቅሁ እጽፍልሃለሁ፤ ሌላ የማደርገው ጠፋኝ።

ባለቤቴ ሰላም ይልሃል፤ ልጆቼ የባሕር ቀንድ አውጣ አምጣልን ይላሉ። ቢዩ ናፍቀሃታል፤ «አታስጨንቂው» ብላኛለች። አባባም ሰላምታቸው ይድረስህ። «ስለ ሚስቱ አያስብ፣ ሻይዋን የምቀዳላት እኔው ራሴ ነኝ በይው» ብለውኛል።

እህትህ ሊየንሜይ
ፒንግሊን፣ ታይዋን
ሰኔ 9 ቀን 1974