ሐሚድ ተኝቶ ያስመለሳት ግመል

ይድረስ ለምወድዎትም ለምፈራዎትም አባቴ፣ ድሬዳዋ።

አሰላሙ ዐለይኩም። እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎ እንደምን ነው? ሳሉስ ለቀቀዎት ወይስ እስከ ድሬዳዋ ተከትሎዎት መጣ? የሚበሉት ይስማማዎታል? የሚያድሩበት ቤት አየር አለው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ሙቀቱም ደህና ነው፤ ጣሊያኑም፣ ምን ይሆናል፣ ደህና ነው። ይህን ወረቀት የሚያደርስልዎት የራሳችን ሰው አሊዪ ስለሆነ አፌን ሳላስር ጽፌልዎታለሁ፤ አንብበው ያቃጥሉት።

የመንገድ ሥራው ሰዎች ድንጋይ ማመላለሻ ብለው ግመሊቱን እንደወሰዱብን ሰምተዋል። አገሩን በሙሉ ይዘው እሷ ብቻ የጎደለቻቸው ይመስል! ያለሷ ማሽላችን ወደ ገበያ አልወጣ ብሎ እናታችን «እንግዲህ እኔን ጫኑኝ» እስከማለት ደርሳ ነበር። ኋላ የጦር ሰፈራቸውን አዛዥ በበዓላቸው ሰሞን ጨዋታ አማረው። ትልቅ ድንጋይ ከሮቢ ወንዝ ተሸክሞ፣ መሬት ሳያስነካ ቀድሞ ሰፈሩ በር ላይ ያደረሰ፣ ከተወሰዱት እንስሳት አንዱን መርጦ ይውሰድ ብሎ በአስተርጓሚው አስነገረ። የገዛ ከብታችንን ለእኛው ሊሸልመን! እጅ ነስተን አመሰገንን።

ከቤታችን ማን ይግባ ሲባል ሁላችንም ዞረን ሐሚድን አየን። አዎ፣ አንቱ «እንቅልፋሙ» የሚሉት ሐሚድን። ከወዲያ በኩል ደግሞ በሬው የተወሰደበት የካራቆሬው ቃሲም ተነሣ። ትከሻው በር የሚዘጋ ሰው ነው። ውድድሩ እስኪደርስ ማለዳ ድንጋይ፣ ቀትር ላይ ድንጋይ፣ ማታ ጫቱን ቅሞ ዳግም ድንጋይ። ሰዉ ሁሉ «ወንድ ማለት እሱ ነው» አለ። የእኛው ጀግና በማለዳው ቅዝቃዜ ድንጋዩን ካመላለሰ በኋላ ወተቱን ይጠጣና ቁርቁራው ዛፍ ሥር ሰሌኑን ዘርግቶ ይተኛል። እንዴት ያለ መተኛት መሰልዎት! ዝንብ እንኳ አክብራው ዞራ ታልፋለች።

እኔም የታላቅነቴን ልገሥጸው ብሄድ እናታችን በትር ይዛ ራስጌው ተቀምጣ አገኘኋት። «ክንዱ የሚጠነክረው ድንጋይ ሲያነሣ ይመስልሃል? ሲያነሣማ ይዝላል። የሚጠነክረው አሁን ነው፤ ዞር በል!» አለችኝ። ይህን ከማን ተማርሽው ብላት ከአንቱ ነው አለች። ከአፋር በረሃ የመጣች ግመል ጀርባዋ ሳያርፍ፣ ተኝታ ሳታመሰኳ አትጫንም እያሉ ከነጋዴ ጋር የሚጣሉት አንቱ አይደሉም? ይቅር ይበሉኝና፣ ለግመል ያወቁትን ለልጅዎ ነፍገውት ኖሯል።

ትልቁ ፈተና የመጣው ግን ከወዳጆቻችን ነው። በውድድሩ ዋዜማ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ መንደርተኛው ጫቱን ታቅፎ፣ ድቤውን አንጠልጥሎ፣ ሸህ ሷሊሕን አስቀድሞ ከተፍ አለ። ሐሚድን መሐል አስቀምጠው፣ ጫት እያስቃሙ፣ እስኪነጋ ዱአ ሊያደርጉለት! ፍቅራቸው ግመሊቱን ሊያሳጣን ነበር። የሸህን ዱአ እምቢ ማለት ደግሞ በእኛ መንደር ከጣሊያን ጋር ከመጣላት ይከብዳል። እናታችን ደጃፉን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። «ሸሃችን፣ ዱአውን እዚያው ዛፉ ሥር ያድርጉለት፣ ልጁን ግን ይተዉልኝ፤ አላህ የተኛ ሰው ስም አይጠፋበትም» አለች። ሸሁ ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረው «ድቤውን አስቀምጡ» ብለው አዘዙ። አባቴ፣ ያን ሁሉ ጉልቤ በሹክሹክታ «አሚን» ሲል ቢያዩት! ሳል የያዘው ሰው ሲኖር ጎረቤቱ አፉን በጋቢ ያፍንለት ነበር።

በማግስቱ ቃሲም ዐይኑ ደም መስሎ ወጣ፤ ቢሆንም ሁሉንም ቀደመ። ዳገቱ ላይ ሲደርስ ግን ድንጋዩ ከትከሻው ተንሸራቶ ወደቀ። አልሳቅሁበትም፤ ያን ያህል የዛለ ሰው እዚያ መድረሱም ያስደንቃል። ሐሚድ ግን ፊቱ እንደ ታጠበ ሕፃን እያበራ፣ ሳይጣደፍ አልፎት ድንጋዩን በሩ ላይ አኖረ። ግመሊቱን እየሳበ ሲመጣ እናታችን አንገት አቅፋ አለቀሰች፤ የልጇን ይሁን የግመሊቱን ከሩቅ አልለየሁም። አሁን ግመሊቱ የቃሲምንም ማሽላ ታደርሳለች፤ ሐሚድ ነው እንዲህ ይሁን ያለው።

ጉዱ ከዚያ ወዲያ መጣ። እንዲህ ያለ ጉልበት ለመንገዱ ያስፈልጋል ተብሎ የመንገድ ሠራተኞቹ አለቃ ካቦውና አስተርጓሚው ሐሚድን ሊወስዱት መጡ። እዚያ የገባ መቼ እንደሚወጣ ደግሞ አላህ ይወቅ። ሐሚድ ሰሌኑ ላይ አፉን ከፍቶ ያንኮራፋል። ካቦው በጫማው ጫፍ ነካ ነካ ቢያደርገው ወዲያ ዞረ። እናታችን ራሷን በሐዘን እየነቀነቀች «ጌቶቼ፣ ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ነው፤ ያን ቀን ብቻ ምን እንደነካው!» አለች። ካቦው ምራቁን ጢቅ አድርጎ ሄደ። ልጁ በእውነት ተኝቶ ነበር ወይ ብለው ቢጠይቁኝ፣ እስከ መጀመሪያው ማንኮራፋት ድረስ ብቻ ነው የምመሰክረው፤ የቀረውን እሱና እናታችን ያውቃሉ።

እናታችን ሐጂራ ናፍቆቷን ትገልጻለች፤ ጉልበትዎን ማታ ማታ ቅቤ ይቀቡት፣ ሥራውንም አያብዙት ትላለች። ታናሽ እህቴ ፋዲላ እጅ ትነሣለች። ሸህ ሷሊሕ ዱአቸውን ልከዋል፤ ይህኛው በሙሉ ድምፅ ነው። ሐሚድም ራሱ ሰላም ሊልዎት ይወድ ነበር፤ አሁን ግን ቀትር ነው።

ልጅዎ አብዱረዛቅ ጀይላን
ሸዋ ሮቢት፣ መጋቢት ፬ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.